የወልቂጤና የቡታጅራ ጠመንጃ ባለቤቶች ምዝገባን ለምን ይሸሻሉ?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነበር፡፡ በወቅቱ ተማርን የምንል የከተማ ሰዎች አብዛኞቻችን አዋጁን በደስታ ተቀብለነዋል፡፡ ከሱዳን ወሰን በኩል በቦቴና በእህል ጭነት ውስጥ ተደብቀው ስለሚገቡት የቱርክ ሽጉጦች በየሳምንቱ ዜና እንሰማ ስለነበር፣ “እንኳን ሕግ ወጣ” ከማለት ሌላ የምንለው አልነበረም፡፡ መሣሪያው ቤቱ ያለው ሰው ግን ምን እያለ እንደሆነ የጠየቀው እምብዛም ነው፡፡

እኔ ጥያቄውን ያነሳሁት በጉራጌ ምድር ነው፡፡ ባለፉት ዓመታት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር፣ መሣሪያ እንዳላቸው ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ወሬው ዞሮ ዞሮ ምዝገባ ላይ ያርፋል፡፡ የሚገርመው ተቃውሟቸው ሰልፍም፣ መፈክርም፣ አቤቱታም የለውም፡፡ ሰውየው ዝም ብሎ አይቀርብም፡፡ “መሣሪያ አለህ ወይ?” ሲባል “ኧረ ከየት አምጥቼ!” ብሎ ያልፋል፡፡ እንዲህ ዓይነቱን ተቃውሞ ጋዜጣ አይዘግበውም፤ ምክር ቤትም አይከራከርበትም፡፡ ሕጉን ወረቀት ላይ የሚያስቀረው ግን ይኸው ዝምታ ነው፡፡

ከሕጉ ልጀምር፡፡ በአሜሪካ መሣሪያ መያዝ እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተረጋገጠ መብት ነው፡፡ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መብት የለም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶ አልፏል፡፡ ስለዚህ ጉዳዩ የመብት ሳይሆን የፈቃድ ነው፡፡ ፈቃድ ደግሞ ሰጪው ያሻውን ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥበት ይችላል፡፡ አዋጁም ይህንኑ አድርጓል፤ ዋናውን የቁጥጥር ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ፣ አንድ ግለሰብ ሊይዝ የሚችለውን ገድቦ፣ ያለፈቃድ በሚይዝና በሚነግድ ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት ደንግጓል፡፡ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ደግሞ ክልሎች ፈቃድ የሚሰጡበትን በር ከፍቷል፡፡

ችግሩ የሚጀምረው “ልማድ” ከሚለው ቃል ላይ ነው፡፡ አፋር ወይም ሶማሌ፣ ወይም ደግሞ የጎጃምና የጎንደር ገጠር ቢነሳ ማንም አይከራከርም፡፡ ጉራጌስ? አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣን ጉራጌ ሲባል ትዝ የሚለው መርካቶ፣ ክትፎና እንሰት ነው፤ ጠመንጃ አይታየውም፡፡ እውነትም ጉራጌ መሣሪያውን አንግቶ ገበያ የሚወጣ ሕዝብ አይደለም፡፡ ጠመንጃ እዚያ አገር የጓዳ ዕቃ ነው፡፡ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ወይም ክፉ ቀን ሲመጣ ይወጣል፡፡ የማይታይ ልማድ ግን ልማድ አይደለም ማለት አይቻልም፡፡

ታሪኩም ይህንን ይደግፋል፡፡ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት የደቡብ ግንባር የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የተካሄደው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ ላይ ነው፡፡ ራስ ደስታ ዳምጠው ከዚያ አምልጠው ብዙም ሳይቆዩ በትውልድ አገራቸው በመስቃን ተይዘው ቡታጅራ ላይ ተረሸኑ፡፡ ከዚያ በኋላ የቀሩት ምንሽርና አልቢኖች የት ገቡ? የየቤቱ ጓዳ ያውቀዋል፡፡ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ደግሞ ወታደሩ በየመንገዱ የሸጠውና የጣለው ክላሽ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ከአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች ጎን ተሰቀለ፡፡ በከተሞቹ ያለው መሣሪያ ሌላ ዓይነት ነው፤ የነጋዴው ሽጉጥ አለ፣ የጥበቃው ጠመንጃ አለ፣ ጡረታ የወጣው ወታደር ያስቀረው አለ፡፡ ሁሉንም በአንድ ቅጽ መዝግቦ መጨረስ የሚቻል አይመስለኝም፡፡

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልግባ፡፡ እኔ እንደተረዳሁት ሰዎቹ የሚፈሩት መሣሪያቸው መታወቁን ብቻ አይደለም፤ የስም ዝርዝሩን ነው፡፡ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን አሰሳ የሚያስታውስ ሰው ዝርዝር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፡፡ ያን ጊዜ ቤት ለቤት የተፈለገው መሣሪያና “ፀረ አብዮተኛ” ነበር፤ ፈላጊው ደግሞ ማን የት እንደሚኖርና ማን ምን እንዳለው ጠንቅቆ የሚያውቀው ቀበሌ ነበር፡፡ ከዚያ ዘመን በሕይወት የተረፉት አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ምክር አጭር ነው፤ ያለህን አታስጽፍ፡፡ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፡፡

የትናንቱን ለትናንት እንተው ቢባል እንኳ የቅርቡ ጊዜም የሚያጽናና አይደለም፡፡ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሀል አገር በተቃረበበት ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕዝቡ ያለውን ማንኛውንም መሣሪያና አቅም ይዞ እንዲዘምት ጥሪ አደረጉ፡፡ በዚያው ሰሞን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችም በሁለት ቀን ውስጥ መሣሪያቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ፡፡ አካባቢውን በመጠበቅ ሥራ መሳተፍ የማይችል ሰው መሣሪያውን ለመንግሥት ወይም ለቅርብ ዘመዱና ወዳጁ እንዲያስረክብም ተመከረ፡፡ የጊዜውን አስጨናቂነት አልክድም፡፡ ነገር ግን ይህንን ከወልቂጤ ሆኖ የሰማ ባለመሣሪያ የተማረው ምን ነበር? መንግሥት ሲቸግረው መሣሪያህን ይዘህ ና ይልሃል፤ ዝርዝሩ በእጁ ሲገባ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ “አስረክብ” ሊሆን ይችላል፡፡ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱና አማራ ክልል “ትጥቅ ልንፈታ ነው” በሚል ሥጋት ሲናጥ፣ ወሬው ጉራጌ ድረስ የተሰማው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡

ሁለተኛው ፍርሃት ከመንግሥት ይልቅ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው፡፡ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፡፡ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወልቂጤና አካባቢዋ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል በተነሳ ግጭት ታምሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአካል ሄደው ሕዝቡን አነጋግረዋል፡፡ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡታጅራ ዙሪያ የመስቃንና የማረቆ ግጭት ፈነዳ፡፡ በቀበሌዎች የይገባኛል ጥያቄ የተለኮሰው ይህ ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፎ፣ ብዙዎችን አፈናቅሎ፣ በሽማግሌና በዕርቅ ሲበርድ ቆይቶ በተለያየ ጊዜ አገርሽቷል፡፡ ለዘመናት የተጋቡ፣ እንሴኖና ቆሼ ገበያ አብረው የሚውሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ተኩስ የተከፋፈሉት፡፡

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሚኖር ገበሬ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ “እኔ ባስመዘግብ፣ ያኛውስ?” መንግሥት መዝግቦ ዝም ካለ ጉዳት የለውም፡፡ ነገር ግን እኔ ስመዘገብ ጎረቤቴ ከደበቀ፣ ነገ ሁከት ቢነሳ መጀመሪያ የሚፈተሸው የማን ቤት ነው? የተመዘገበው የእኔ! ስለዚህ መጀመሪያ የሚመዘገበው ሞኝ ይሆናል፡፡ ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ማንም አይመዘገብም፡፡ ይህንን “ኋላ ቀርነት” ብሎ ማለፍ ለእኛ ለከተሜዎቹ ይቀለናል፡፡ ነገር ግን በእነሱ ቦታ ብንሆን ሌላ ስሌት ይኖረን ነበር ወይ?

የአስተዳደሩ አወቃቀርም ነገሩን ያወሳስበዋል፡፡ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የቀድሞው የጉራጌ ዞን ተከፋፍሏል፡፡ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆኑ፡፡ ማረቆና ቀቤና ልዩ ወረዳ ሆኑ፤ ማለትም ተጠሪነታቸው ለዞን ሳይሆን ለክልሉ ነው፡፡ እንግዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተነስቶ መስቃንን መዝግቦ ቢጨርስ፣ ማረቆ በእሱ ሥልጣን ሥር አይደለም፡፡ ማረቆም ቀድሞ ቢመዘግብ እንዲሁ ነው፡፡ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ መመሪያ ሊመዘግብ የሚችለው ክልሉ ብቻ ነው፡፡ ዞንና ወረዳ ተነስተው “የእኛን ኮታ አሟልተናል” ለማለት የሚያደርጉት የዘመቻ ምዝገባ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል የምለው ለዚህ ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? የቀበሌ ጸሐፊ ነው? የወረዳ ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ነው? በየመንገዱ እገታ በበዛበት፣ ታጣቂዎች መሣሪያ ፍለጋ የሚሊሻ ቤት በሚሰብሩበት አገር፣ “እነ እገሌ ቤት ክላሽ አለ” የሚል ወረቀት በአንድ ያልተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ ለባለቤቱ ሞት ሊሆን ይችላል፡፡ መረጃ በሻይ ዋጋ የሚሸጥበትን ቢሮ ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ስለዚህ ሰውየው ዝርዝሩ መንግሥት እጅ መግባቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከመንግሥት እጅ መውጣቱም ያስፈራዋል፡፡

“ከየት አመጣኸው?” የሚለው ጥያቄ ደግሞ አለ፡፡ ከአያቱ የወረሰው ሰው መልስ አለው፡፡ ከመስከረም 2011 በኋላ በሬ ሸጦ ክላሽ የገዛው ሰው ግን ምን ይላል? የገዛው ከሕገ ወጥ ነጋዴ ነው፡፡ ሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውር ደግሞ ከአዋጁ በፊትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነበር፡፡ ሰውየው ለመመዝገብ ሲመጣ በገዛ እግሩ መጥቶ የእምነት ቃሉን እየሰጠ ነው ማለት ነው፡፡ በግልጽ የተነገረና በጽሑፍ የተሰጠ ምሕረት በሌለበት ይህንን የሚያደርግ ሰው ካለ በጣም የዋህ ነው፡፡

ይህንን ሁሉ ስል የባለመሣሪያዎቹ ጠበቃ የሆንኩ እንዳይመስል እፈልጋለሁ፡፡ ከእነሱ ጋር የማልስማማበት ትልቅ ነገር አለ፡፡ “መሣሪያዬ ነው የሚጠብቀኝ” ይላሉ፡፡ በቡታጅራ ዙሪያ የሆነው ግን ይህንን አያሳይም፡፡ በዱላና በድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ደርሶ የሚያበርደው ጠብ፣ ክላሽ ሲገባበት በአንድ ከሰዓት የብዙ ቤት ለቅሶ ይሆናል፡፡ በለቅሶ ላይ ለክብር የሚተኮስ ጥይትም ሌላ ለቅሶ ይወልዳል፡፡ ያልተመዘገበ መሣሪያ ደግሞ ባለቤት የለውም፡፡ ማን ተኮሰ ቢባል ማንም አልተኮሰም፡፡ መርማሪው የጥይት ቀለሃ ቢያነሳ የሚያመሳክርበት መዝገብ የለውም፡፡ ስለዚህ ወንጀሉ የግለሰብ መሆኑ ይቀርና የጎሣ ይሆናል፤ “እነሱ ገደሉን” ይባላል፡፡ በቀሉም ያንኑ ተከትሎ ይሄዳል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከፈረመቻቸው ሰነዶች አንዱ የሆነው የናይሮቢ ፕሮቶኮል መሣሪያ ምልክት እንዲደረግበትና እንዲመዘገብ የሚጠይቀው በዋናነት ለዚህ ነው፤ የገዳዩ መሣሪያ ከማን እጅ እንደወጣ ለማወቅ፡፡

እግረ መንገዴን ላንሳው፤ በዚህ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው በሙሉ ወንዶች ናቸው፡፡ መሣሪያው የተሰቀለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሚስትና ልጆች ስለ ምዝገባ ምን ይላሉ? አንድም ጊዜ ሲጠየቁ አላየሁም፡፡

ሌላው ባለመሣሪያዎቹ የሚዘነጉት ነገር፣ አለመመዝገብም ጥበቃ አለመሆኑን ነው፡፡ አሰሳ ሲመጣ ወረቀት ያለውና ወረቀት የሌለው እኩል አይታዩም፡፡ የአያቱን ጠመንጃ ሲያወጣ ሰውየው በእጁ ምንም ማስረጃ የለውም፤ ይወሰድበታል፣ ደረሰኝ አይሰጠውም፣ አቤት የሚልበት ቦታም የለውም፡፡ ምዝገባ በትክክል ከተሠራ ባለቤትነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው፡፡ ችግሩ “በትክክል ከተሠራ” የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው፡፡

የካናዳን ነገር ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል፡፡ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ረጃጅም ጠመንጃዎች ሁሉ እንዲመዘገቡ አዘዘች፡፡ የምዕራብ ካናዳ ገበሬዎችና አዳኞች አበዱ፡፡ ከተሜዎቹ ስለ እኛ ምን ያውቃሉ አሉ፡፡ የአልበርታ ግዛት ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ተረታች፡፡ ነገር ግን በሕግ የተሸነፈው ተቃውሞ በተግባር አሸነፈ፡፡ ወጪው ከታሰበው በብዙ እጥፍ ንሮ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ፣ ሕዝቡም ልቡን አልሰጠም፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2012 መዝገቡ ተሰረዘ፡፡ አውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ከፖርት አርተር ጭፍጨፋ በኋላ ስትነሳ ገንዘብ ይዛ ነው የተነሳችው፤ 650 ሺሕ ገደማ መሣሪያ ከባለቤቶቹ ገዝታ አጠፋች፡፡ እኛ ዘንድ ጠመንጃ የበሬ ዋጋ ያለው ንብረት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፡፡ መንግሥታችን ያንን ያህል ገንዘብ የለውም፡፡ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ግን ቢያንስ ሌላ የሚከፍለው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ እሱም ተዓማኒነት ነው፡፡

ጉራጌ ደግሞ በመዝገብ የማያምን ሕዝብ አይደለም፡፡ እንዲያውም በመዝገብ የሚኖር ሕዝብ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ዕቁብን ያለ መዝገብ ማን ያስበዋል? በ1950ዎቹ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ስማቸውን ሲያስጽፉ አልፈሩም፡፡ መርካቶ ያለው ነጋዴ በቃል ብቻ ብዙ ሺሕ ብር ያስይዛል፡፡ ለምን? የዕቁቡ መዝገብ በሁሉም አባል ፊት ይነበባል፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን አባላቱ መርጠውታል፤ የጻፈው ሰው ካጭበረበረ ቤቱ ይታወቃል፡፡ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ካልተቀበለ ደግሞ ዕቁቡ በማግሥቱ ይፈርሳል፡፡ መንግሥት የሚያዘጋጀው የመሣሪያ መዝገብ ግን አንዴ ከተጻፈ ባለቤቱ ዳግመኛ አያየውም፡፡

ስለዚህ ክልሉ ይህንን ሥራ በቁም ነገር ልሥራ ካለ፣ የጆካንና ፈረዘገኘን የመሳሰሉት የባህል ሸንጎዎች በምስክርነት ሊገቡበት ይገባል እላለሁ፡፡ ፖሊስን ይተኩ ማለቴ አይደለም፤ ምዝገባው ሲካሄድ አጠገብ ይቀመጡ፣ ሁለቱም ወገን መመዝገቡን ይዩ፣ የየወገናቸውን ቁጥር ይወቁ፡፡ ዕርቅን ያስታረቀ ሽማግሌ ምዝገባን የማይመሰክርበት ምክንያት አይታየኝም፡፡ ስሙ ከሸንጎው ፊት አይነበብ፤ ከላይ እንዳልኩት ስም መውጣቱ አደጋ አለው፡፡ የሚነገረው በየቀበሌው የተመዘገበው ብዛት ብቻ ይሁን፡፡ “የማረቆ ይህን ያህል፣ የመስቃን ይህን ያህል ተመዝግቧል” የሚለው ወሬ ከገበያ ገበያ ሲዞር፣ “እኔ ብቻ ልጋለጥ ነው” የሚለው ሥጋት ይቀንሳል፡፡ ምሕረቱም ቀኑ ተቆርጦ፣ የክልሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሆኖ ከምዝገባው በፊት መሰጠት አለበት፡፡

የመጨረሻው ግን ከክልሉም በላይ ነው፡፡ ከወልቂጤ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና በወሊሶና በቱሉ ቦሎ፣ ማለትም በኦሮሚያ በኩል ያልፋል፡፡ የቡታጅራውም ኦሮሚያን ሳይረግጥ አዲስ አበባ አይደርስም፡፡ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ልማድ ነው ተብሎ የተፈቀደለት መሣሪያ ኬላ ሲደርስ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ሌሊት ጭነት ይዞ የሚጓዘው ነጋዴ ፈቃዱን ለማውጣት ምን ያደክመዋል? ያለፈቃድ ሲይዝም፣ በፈቃድ ሲይዝም የሚያዘው እዚያው ኬላ ላይ ነው፡፡ ይህንን ሊፈታ የሚችለው በአዋጁ ተቆጣጣሪ የተባለው የፌዴራል ፖሊስና ሁለቱ ክልሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያወጡት አንድ ወጥ የፈቃድ ወረቀት ነው፤ ወሊሶ ኬላ ላይ ያለው ፖሊስም ሆነ ወልቂጤ ያለው መዝጋቢ እኩል የሚያውቀው፡፡